ዐይኑን የጨፈነው

አባቴ ከዚራ፣ ከጥላው ዛፍ ሥር፣
ባንድ ጠባብ ቤት ውስጥ ፎቶ ያነሣ ነበር።
«ቀና በል! ትንፋሽ ያዝ! እንዳትርገበገብ!»
እያለ ሲያስጠነቅቅ የመጣውን ሕዝብ።
ዐይን የተጨፈነበት ፎቶ ዋጋ የለው፣
ከጠረጴዛው ሥር ቅርጫት ነው ቦታው።
ልጅ ሆኜ እለቅም ነበር፣ ከዚያ ቅርጫት ውስጥ፣
የተኙ የሚመስሉ ፊቶችን አንድ ባንድ ላስቀምጥ።

ዛሬ ያ ቤት ሱቅ ሆኗል፤ ካርድ ይሸጥበታል።
የእኔ ስልክ ግን ማታ ማታ ሌላ ፊት ይመጣበታል፤
ከመልካ ጀብዱ፣ ከሁርሶ፣ ከለገሃሬ ጓሮ፣
ከድንጋይ ሥር የወጣ፣ ካፈር ተቆፍሮ።
«እባብ ነው ወይ?» ይላል ከሥሩ የተጻፈው።
አብዛኛውን ጊዜ ግን ጭንቅላቱ የለው።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባላል ከጥንት፤
ይኼ ግን ልጥ አይደል፣ እባብም አይደል፤ እንሽላሊት፣
እግሩን የት እንደጣለ ራሱም የረሳ፣
ያለ እርግማን በሆዱ የሚሄድ፣ ያለ አንዳች አበሳ።

ደብተሬ ሰፊ ነው፤ መስመሩን አሰመርኩ፦
ቀን፣ ሰዓት፣ ሥፍራ፣ አፈሩ፣ ማን እንደላከው፣ ስልኩ።
ከዚያ ጥያቄዬ፦ ከዐይኑ ኋላ ጆሮ፣
እንደ መርፌ ቀዳዳ አለው ወይ፣ ተሰርስሮ?
የሆዱ ቅርፊት ሰፊ ነው ወይስ ከጀርባው እኩል?
ጅራቱ ከገላው ይረዝማል? ተሰብሮ ዳግም በቅሏል?
ከሁሉም ከሁሉም፦ የዐይን ቆብ አለው?
እባብ አይጨፍንም፤ ተኝቶም ክፍት ነው።

ነስሪያ ያነሣችው፣ ከኦቾሎኒ ማሳ፣ ባካፋ ተጨፍልቆ፤
ዐይንና ጆሮው ካፈር ተደባልቆ።
የኬላው ዘብ ደግሞ፣ ለመጠን ብሎ፣ ጫማውን አጠገቡ አኑሯል፤
ጫማው ነው የገደለው፤ ሶሉ ላይ ይታያል።
«አልታወቀም»፣ «አልታወቀም»፣ ገጹ ሞላ።
ሰው የፈራውን ይገድላል፤ ስሙን የሚጠይቀው ኋላ።

ጎረቤቴ ዘይነባ «ሥራ ፈታሽ እንዴ፣ አንቺ?» ትለኛለች፤
ስልኬን ባየች ቁጥር ፊቷን በሻሽ ትሸፍናለች።
ባለፈው ክረምት ግን፣ ከውሃ በርሜሏ ሥር አንዱን ስታገኝ፣
መጥረጊያዋን ጥላ፣ በሩን ዘግታ፣ «ነይ፣ አንሺው» ብላ ጠራችኝ።
ሮጥኩ።
ድመቷ ቀድማኛለች።

ሐሙስ ጠዋት፣ ደቻቱ ደርቆ በተኛበት፣
አሸዋ ጫኙ ዋርሳሜ ደወለ፦ «አንቺ እህት!
ያ የምትፈልጊው እዚህ አሸዋ ላይ እየዋኘ ነው፤
ልጆቹ አካፋ አንሥተዋል፤ ያዝኳቸው፤ ምን ላድርገው?»
«አትንካው» አልኩት። «ጎንበስ በል፤ ከጎኑ፣ ከቅርብ አንሣ።
ጥላህ እንዳያርፍበት። ሳንቲም አኑርለት። አደራ፣ ዐይኑን እንዳትረሳ።»

ላከ። አራት ፎቶ። ሁለቱ ብዥ ያሉ፣ ደብዛዛ፤
በሦስተኛው ያለው ጣቱ ብቻ ነው፣ በላብ የወዛ።
አራተኛው ጥርት ያለ፤ ያሸዋው ፍሬ ይቈጠራል፤
ከሳንቲሙ አጠገብ የነሐስ ገላ ተዘርግቷል።
የጆሮ ቀዳዳ አለ፤ የእርሳስ ጫፍ ነጥብ ያህል።
ዐይኑን ላየው አጎላሁት፤ ልቤ ሲመታ ይሰማኛል።

ዐይኑ የለም።
በቦታው ስስ መስመር፣ እጥፋት፣ የተዘጋ በር፤
ስልኩ ብልጭ ሲልበት ጨፍኖ ነበር።

«ይቅርታ» አለ ዋርሳሜ፣ «ተበላሸ፤ ጨፍኗል፤
ድጋሚ እንዳላነሣው አሸዋው ውስጥ ገብቷል።»
ሳቅኩ፤ ከዚያ ዝም አልኩ። አባቴ ትዝ አለኝ፣ ቅርጫቱ፣
«ይጣል» የሚልበት ድምፁ፣ መቀስ የያዘ ጣቱ።

ጻፍኩ፦

ሐሙስ። ደቻቱ፣ ከድልድዩ በታች። ደረቅ አሸዋ።
ያነሣው፦ ዋርሳሜ ጉሌድ።
እግር፦ የለም።
ጆሮ፦ አለ።
ዐይን፦ ጨፍኗል።
ስም፦ ገና።
ሁኔታ፦ በሕይወት። ሄዷል።